ዝም ያለ ሁሉ ድኗልን?

በናይሮቢ መሐል ከተማ፣ በቶም ምቦያ ጎዳናና በሪቨር ሮድ መካከል፣ ሉቱሊ አቬኑ የሚባል አጭር መንገድ አለ። ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. የ1960 የሰላም ኖቤል ተሸላሚ ከነበሩት ከደቡብ አፍሪካዊው ከአልበርት ሉቱሊ ነው፤ ስመ ጥር ያደረገው ግን የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን፣ የድምፅ ማጉያና የኮምፒውተር ንግዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመንገዱ ዳር የሚታዩት ሱቆች በአብዛኛው አዲስ ዕቃ ይሸጣሉ። በየሕንጻው ደረጃ ሥርና በየመተላለፊያው ጥግ ደግሞ ከአንድ ጠረጴዛ የማይበልጥ ቦታ የተከራዩ ጠጋኞች ይቀመጣሉ። ፊታቸው ሆዱ የተከፈተ የኮምፒውተር ሳጥን፣ አጠገባቸው ብሎን መፍቻ፣ የጥርስ ብሩሽና ነፋስ የሚተፋ ብሎወር አይጠፋም። ደንበኛው ሳጥኑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ይመጣና የሚናገረው፣ በስዋሂሊም ይሁን በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ፣ ያው ነው፦ ይግላል፤ ይጮኻል።

ነገሩ ተራ ነው። ነገር ግን ከተራው ነገር ውስጥ ተራ ያልሆነ ጥያቄ ይወጣል። ጩኸቱ የቆመለት ሰው በርግጥ ተጠግኖለታልን? ጠጋኙስ ለባለቤቱ ያለበት ዕዳ ጸጥታ ነው ወይስ እውነት? የሥነ ምግባር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሐኪምና በሕመምተኛ፣ በንጉሥና በአማካሪ እየመሰሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ኖረዋል። በፉንዲና በደንበኛ መስሎ ማየቱም ከጥቅም አይጎድልም፤ ሐኪም ዘንድ በዓመት አንዴ የማይሄድ ሰው እንኳ ለስልኩ፣ ለምድጃው፣ ለጫማው ወይም ለኮምፒውተሩ ሲል ፉንዲ ፊት ይቆማልና።

አስቀድሞ ጩኸቱ ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። የኮምፒውተር አእምሮ የሚባለው ፕሮሰሰር ከሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አንድ መካከለኛ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር በሥራ ሲወጠር 65 ዋት ያህል ይፈጃል። ይህም ድሮ በየቤቱ ከጣራ ይንጠለጠል ከነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስተካከል ኃይል ነው፤ አምፖሉ ግን የቡጢ ያህል ሲሆን ሙቀቱ የሚፈልቅባት የሲሊከን ቁራጭ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም። ይህን ሙቀት ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክበው በላይዋ የተጫነው ባለ ብዙ ክንፍ አሉሚኒየም ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት የሚሞላው ፔስት የሚባል ግራጫ ቅባት ሲሆን፣ በክንፎቹ መሐል አየር የሚነዳው ፋኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሙቀቱ ሲጨምር ፋኑ ይፈጥናል፣ ፋኑ ሲፈጥን ይጮኻል። ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነው ብርድ ልብስ የለበሱ ያህል ከሆኑ፣ ቅባቱም በዓመታት ብዛት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ፣ ፋኑ የቱንም ያህል ቢሮጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ በብዙዎቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ማዝገሙ ካልበቃው ድንገት ድርግም ይላል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮት ይጠፋል።

ናይሮቢም ለዚህ ሕመም የራሷን ታዋጣለች። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከሞምባሳው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የአዲስ አበባማ ከዚህም ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ምንም እንኳ የከተማይቱ ቅዝቃዜ ጉዳቱን ቢያካክሰው። ከአየሩ ይልቅ ክፉው አቧራው ነው። በደረቁ ወራት፣ አስፋልት ካልደረሳቸው ሰፈሮች የሚነሳው ቀይ አቧራ በመስኮት ገብቶ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይከማቻል፤ ከጨርቅ ብናኝና ከፀጉር ጋር ተቀላቅሎም እንደ ባና ይደደራል። ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚል ሐረግ ነው ይባላል። ኮምፒውተሮቿ ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም።

እንግዲህ ጩኸቱ በሽታው አይደለም። ጩኸቱ የበሽታው መልእክተኛ ነው፤ እንዲያውም መልእክተኛ ብቻ ሳይሆን በሽታውን እየታገለ ያለ ጠባቂ ነው። እርግጥ ሌላ ዓይነት ጩኸትም አለ። የፋኑ እንብርት ዘይቱ ሲደርቅበት ሲጢጥ ይላል፣ ይፋጫል፤ ያ የራሱ የፋኑ ሕመም ነው። ጆሮው የሠለጠነ ፉንዲ ሳጥኑን ሳይከፍት ሁለቱን ይለያቸዋል፤ አንደኛው እንደ ንፋስ የሚነፍስ ሹሹታ ነው፣ ሁለተኛው እንደ ወፍጮ የሚያንገጫግጭ ነው። ለሁለተኛው የፋኑን ተለጣፊ ወረቀት ገልጦ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ለጥቂት ወራት ያገለግላል። ለመጀመሪያው ግን ዘይት ምንም አይፈይድም። እዚያ ላይ ማጽዳትና ቅባቱን መለወጥ ነው መድኃኒቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል የተነገረው ለሕመምተኛው ነው፤ በሽታውን የሚደብቀው ጠጋኙ ራሱ ሲሆንስ?

ነገሩን ለማየት እንዲመች፣ በኢስሊ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። ኮምፒውተራቸው ከአውሮፓ ቢሮዎች አገልግሎ በሁለተኛ እጅ የገባ ነው። በእሱ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ቅጽ ይሞላሉ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ ያትማሉ፤ የቤት ኪራዩም የልጆቻቸውም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያችው ሳጥን ነው። ከጊዜ በኋላ ሳጥኗ መጮኽ ትጀምራለች፤ እሳቸውም የሰፈሩን ወጣት ፉንዲ ያስጠራሉ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ዝም አሰኝልኝ። ራሴን አሞኛል፤ ደንበኛም አላነጋግር ብሎኛል።»

«እሺ እትዬ፤ ልክፈተውና ልየው?»

«ኧረ ምን መክፈት ያስፈልገዋል፣ ሰው እየጠበቀኝ! ዝም ይበል እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

ወጣቱ ያን ጊዜ ምርጫ አለው። ሳጥኑን ሳይነካ፣ ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሆኖ፣ ፕሮሰሰሩ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዳይሠራ ማዘዝ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲያዘግም ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ፋኑም ይረጋጋል። ከዚህ የከፋውም አለ፤ የፋኑን ፍጥነት ራሱን ዝቅ አድርጎ ፕሮሰሰሩን በገዛ ሙቀቱ እንዲቀቀል መተው ይቻላል። ይህን የከፋውን እንተወውና የመጀመሪያውን እንያዝ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እትዬ ጸጥታውን ሲሰሙ ይመርቁታል፣ ገንዘቡን ይከፍሉታል፣ ቡና ካልጠጣህም ይሉታል። አቧራው ግን እንዳለ ነው፤ ቅባቱም እንደ ደረቀ ነው። ከነገ ጀምሮ ኮምፒውተሩ አንድ ገጽ ለመክፈት ሲያዘግም «አርጅቷል» ይሉና ይቀበሉታል። ለምን እንዳዘገመ አያውቁም።

ወጣቱ ዋሽቷልን? በአፉ የወጣ አንድም ሐሰት የለም። እሳቸው ጸጥታ ጠየቁ፣ እሱም ጸጥታ ሰጠ። ውል በቃል የሚለካ ከሆነ ውሉ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ አንዳች ነገር እንደ ጎደለ ማንም ሰው ይሰማዋል፤ ጥያቄው የጎደለው ምን እንደ ሆነ መሰየም ነው።

ፕላቶን «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሳኑ ሶቅራጥስን ሕክምናንና ወጥ ቤትነትን እያነጻጸረ ያናግረዋል። ሐኪሙ ለአካል የሚበጀውን ያውቃል፤ ወጥ ቤቱ ግን ለምላስ የሚጣፍጠውን ብቻ ያውቃል፣ ነገር ግን የሐኪምን ልብስ ለብሶ የሚበጀውን የሚያውቅ ይመስላል። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ሥራ ጥበብ ሳይሆን ሽንገላ ነው ይላል ሶቅራጥስ። ወጥ ጥሩ አድርጎ መሥራት እንደ ሽንገላ መቆጠሩ በሐበሻ ዘንድ የሚዋጥ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ለጉዳያችን ይሠራል። ዝም የሚያሰኝ እጅና የሚጠግን እጅ በደንበኛው ጆሮ አንድ ናቸው። የሚለያዩት ደንበኛው በማያየው ቦታ፣ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነው።

ነገር ግን የሶቅራጥስ መለያ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያው ወጣት ሳጥኑን ከፍቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ፋኑ ጨርሶ ማለቁን አየ እንበል። የአዲስ ፋን ዋጋ እትዬ ዘንድ በዚያ ሳምንት የለም፤ ሱቁ ደግሞ ነገ መከፈት አለበት። ወጣቱም፦ «እትዬ፣ ፋኑ አልቋል። እስኪገዛ ድረስ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ቀንሼዋለሁ፤ ጽሑፍ ይጽፍልዎታል፣ ፎቶ ሲከፍቱ ግን ያስጠብቅዎታል። ገንዘቡ ሲገኝ እመለስበታለሁ» ይላቸዋል። በጣቱ ያደረገው ከቅድሙ አይለይም፤ ያችኑ ትእዛዝ ነው የሰጠው። በቅድሙ ግን አታላይ ነበር፣ በዚህኛው ቅን ባለሙያ ነው። እንግዲያውስ በደሉ በድርጊቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሳይነገር በመቅረቱ ውስጥ ነበር። ጩኸቱ ለባለቤቷ ይነግር የነበረውን ነገር ወጣቱ ካፈነው፣ በጩኸቱ ፈንታ መናገር የእሱ ዕዳ ይሆናል። መልእክተኛን ያስቀረ መልእክቱን ማድረስ አለበት።

ይህ የደረጃ ሥር ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ ከዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ በዚሁ ጉድጓድ መውደቁን ማስታወስ ይገባል። በ2017 መጨረሻ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ የአይፎን ስልኮችን በሶፍትዌር አማካይነት ያዘግም እንደ ነበር አመነ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ ያረጀ ባትሪ ድንገተኛ የኃይል ጥያቄን መሸከም ሲያቅተው ስልኩ በንግግር መካከል ይጠፋ ነበርና ማዘግየቱ ከመጥፋት ያድነው ነበር። የስልኮቹ ባለቤቶች ግን ይህን ባለማወቃቸው ብዙዎቹ ስልካቸው ያረጀ መስሏቸው አዲስ ገዙ፤ በአዲስ ባትሪ ብቻ ሊድን ይችል ነበር። ኩባንያው በዚያው በታኅሣሥ ወር ይቅርታ ጠየቀ፣ ባትሪ የመቀየሪያውን ዋጋም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ደንበኞቹ የመሠረቱትን ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጨረሰው። ቁጣው በአብዛኛው «ለምን አዘገያችሁት?» የሚል አልነበረም። «ለምን አልነገራችሁንም?» የሚል ነበር። የኢስሊው ወጣትና የካሊፎርኒያው ኩባንያ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጥተው አንድ ዓይነት ዝምታ ዝም ብለዋል፤ የሚለያቸው የገንዘቡ ዜሮ ብዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። እትዬ እኮ አልጠየቁም። «ምን መክፈት ያስፈልገዋል» ብለው የከለከሉት ራሳቸው ናቸው። ሰው ማወቅ የማይፈልገውን እውነት በግድ መጋት ነጻነቱን መንካት አይደለምን? ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ፉንዲ ሰባኪ አይደለም፤ አንድ ብሎን በፈታ ቁጥር ስለ ሙቀት የግማሽ ሰዓት ትምህርት የሚሰጥ ጠጋኝ ደንበኛ አይበረክትለትም፣ አይበርክትለትምም። ግን አለማወቅን መምረጥና ምርጫ እንዳለ አለማወቅ የተለያዩ ናቸው። እትዬ «ዝም ይበል» ሲሉ ዝም ማለትና መዳን አንድ መስሏቸው ነው። ሁለት መሆናቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሰሙ በኋላ «ይሁን፣ ዝም ብቻ ይበልልኝ» ካሉ፣ ያ የእሳቸው ፈቃድ ነው፤ ወጣቱም ነጻ ነው። ከዚያች ዐረፍተ ነገር በፊት የተሰጠ ፈቃድ ግን ፈቃድ ለመባል ይከብዳል።

እስካሁን ክሱ ሁሉ በጠጋኙ ላይ ነበር። ይህ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ከሚበደሉት ሁሉ ብዙም የማይወራለት እሱ ነውና።

ትክክለኛው ጥገና ምን እንደሚመስል እንይ። ፉንዲው ሳጥኑን ይከፍታል። ብሎወሩን ሲነፋ ፋኑ በንፋሱ ተሽከርክሮ እንዳይጎዳ በጣቱ ወይም በእስክሪብቶ ይይዘዋል። አሉሚኒየሙን ፈትቶ ያነሳል፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል ይጠርጋል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ያኖራል፣ መልሶም በእኩል ኃይል ያጠብቃል። ማዘርቦርዱ ላይ የተተከሉትን ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች ጫፋቸው አብጦ እንደ ሆነ ያያል፤ ሙቀት ዕድሜያቸውን ያሳጥረዋልና። ይህ ሁሉ የሰዓት ሥራ ነው። በመጨረሻ ደንበኛው ይመጣና «ምን ነበር?» ይላል። «አቧራ ነበር» ይባላል። «ለአቧራ ነው ይህን ያህል ገንዘብ?»

በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ውሸት ይጸነሳል። ደንበኛው ለዕቃ መክፈል ያውቃል፤ ለዕውቀት መክፈል ግን እንደ መዘረፍ ይቆጥረዋል። «ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ነበር፣ ቀየርኩት» ቢባል ሳያጉረመርም ይከፍላል። «ነፋሁት፣ ጠረግሁት፣ ቀባሁት» ሲባል ግን ዋጋ ይከራከራል። ፉንዲው ከጥቂት እንዲህ ያሉ ቀኖች በኋላ የትኛው እንጀራ እንደሚያበላው ይማራል፤ ያልተበላሸ ዕቃ ይበላሻል፣ ያልተቀየረ ዕቃ ይቀየራል፣ እውነተኛው ሥራም ለውሸቱ ሽፋን ይሆናል። አታላዩ አንድ ቢሆንም ማታለሉን የተማረው ከደንበኞቹ ነው። ይህን ማለት ጥፋቱን ከእሱ ላይ ማንሳት አይደለም፤ ጥፋቱ የሚበቅልበትን መሬት ማሳየት ነው።

ሐበሻ በዚህ ረገድ የቆየ ዕዳ አለበት። ብረት የሚያቀልጠውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየተጠቀመበት ሲሰድበው ኖሯል፤ ስድቡ ሥር ከመስደዱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አራቀው ይሆናል፣ ከልብ ግን ፈጥኖ አልነቀለውም። በስዋሂሊ ግን «ፉንዲ» የሚለው ቃል ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። «ኩፉንዳ» ማስተማር ነው፤ «ኩጂፉንዛ» መማር፤ «ምዋናፉንዚ» ተማሪ። በቃሉ ዘር ሐረግ መሠረት ደረጃ ሥር የተቀመጠው ሰው የዕውቀት ሰው ነው። ኬንያውያን ለፉንዲ ሁሉ በቃሉ ክብር ልክ ይከፍላሉ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ «ጁዋ ካሊ» ማለትም «ብርቱ ፀሐይ» ብለው የጠሩት ከጣራ ማጣቱ የተነሳ ነው። ቃሉ ግን ቢያንስ አቅጣጫውን ያመለክታል።

አማርኛም ቢሆን በዚህ አልተራቆተም። «ጠገነ» የሚለው ግስ ለዕቃ ብቻ የተሠራ አይደለም። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ ያዘነ ልብም ይጠገናል። አጥንት የሚጠግን ሰው ደግሞ የስብራቱን ሥቃይ በማደንዘዝ ብቻ «ጠገንሁ» አይልም፤ አጥንቱ ሳይገጥም ሥቃዩ ቢጠፋ እግሩ ጠማማ ሆኖ ይቀራልና። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን በዕለት ንግግር «ሰዓቴን አሠራሁት፣ ኮምፒውተሬን አሠራሁት» መባሉ ነው። ሠራ! መፍጠርና መጠገን በአንድ ቃል ተጠርተዋል። ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ለማዞር የሞከረ ሰው ቃሉ ለሁለት እንደሚሰነጠቅበት ያውቃል።

ባለቤቲቱንም ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። በብዙ ሐበሻ ቤት፣ በናይሮቢም ጭምር፣ ውድ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮኑ፣ ከመጣም በኋላ ኮምፒውተሩ፣ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ከላዩ ላይ ተዘርግቶለታል። ፍቅር ነው። ከአቧራ ይጠብቀዋል ተብሎ የታሰበው ዳንቴል ግን መተንፈሻውን ይደፍናል፤ ጎኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ታቹም ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ፣ ያ ሳጥን በፍቅር ታፍኗል። ፉንዲው አቧራውን አራግፎ ሲጨርስ ዳንቴሉ ተመልሶ ሊለብስ ሲል ዝም ካለ፣ ሥራውን አልጨረሰም። ዳንቴሉን የሠሩት የእትዬ እናት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህቺ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የምትሻ ናት። «እትዬ፣ ማታ ሲያጠፉት ያልብሱት፤ ሲሠራ ግን ይተንፍስ» ማለት ይበቃል። እውነት መናገር አሳፋሪ መሆን የለበትም።

የጥያቄው ክብደት ይበልጥ የሚታየው ደግሞ ሳይጠገን የቀረው ኮምፒውተር ወዴት እንደሚሄድ ሲታሰብ ነው። ከሰባዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የናይሮቢ ቆሻሻ ሲጣል የኖረው በምሥራቃዊው የከተማይቱ ክፍል በዳንዶራ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ናይሮቢ፣ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአካባቢው ከተመረመሩ 328 ልጆች የግማሹ ያህል በደማቸው ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በዚያን ጊዜ አደገኛ ከሚባለው ልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ሁሉ እርሳስ ከኮምፒውተር የመጣ አይደለም፤ ከኮምፒውተር ምንም አልመጣም ማለት ግን ድፍረት ነው፣ የድሮ ሰርክዩት ቦርዶች የሚበየዱት እርሳስ ባለበት ብየዳ ነበርና። በሌላ በኩል ከ2002 ጀምሮ ኮምፒውተርስ ፎር ስኩልስ ኬንያ የተባለው ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን እያደሰ ለትምህርት ቤቶች ሲያድል ቆይቷል፤ ከእሱም በ2012 የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ የሚሰበስብ ማእከል ተወልዷል። እንግዲህ ደረጃ ሥር ያለው ወጣት ጸጥታን ለጥገና ሲሸጥ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እትዬ ብቻ አይደሉም። ስሙን የማያውቀው የዳንዶራ ልጅም ከፋይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ያወሳሰበ ሌላም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ምንም ያልታመመ፣ የማይግል፣ የማይጮኽ ኮምፒውተር በአንድ ቀን «አሮጌ» ተባለ። ይህኛው ዝምታ ከቅድሙ የባሰ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ እዚህ ማንም ምንም አልደበቀም፣ ቀኑም ቀደም ብሎ ታውጇል፣ ግን ለእትዬ በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው የለም። ይህን መናገር የማን ዕዳ ነው? የኩባንያው? የሻጩ? ወይስ ያው የፈረደበት ፉንዲ?

ፉንዲው ይናገር ብንል እንኳ፣ ምክሩ «ይጣልና ይገዛ» ከመሆኑ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፦ ውስጡ ምን አለ? የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉን የዩኒኮድ ሥርዓት የተቀላቀለው በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ሲጻፍ ቆይቷል። በነዚህ የተጻፈ ጽሑፍ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላት ዝርግፍ ይሆናል። በኢስሊ፣ በሁርሊንግሃምና በኪሊማኒ በየመደርደሪያው ሥር በተቀመጡ አሮጌ ሳጥኖች ውስጥ የዕድር መዝገብ፣ የሰርግ ንግግር፣ ያልታተመ ልቦለድ፣ ለስደተኝነት ጉዳይ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ሊኖር ይችላል፤ የሚያነበው ደግሞ ያው የሚጮኸው ሳጥን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ዲስኩንም ይጎዳል። እንዲህ ያለው ሳጥን ሲጮኽ በድካም እንጂ በብስጭት አይጮኽም፤ ዝም ቢል የሚቀረው ሌላ ዝምታ አለና።

በአንዳንድ ጠጋኞች ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት ከከለከለች ወዲህ በጋዜጣ ይጠቀለላል። የሞተውን ፋን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርገው ግራ የሚገባው ደንበኛ ብዙ ነው፤ በጣቱ ያሽከረክረውና ሲንቀጫቀጭ ይሰማዋል። ከዚያ ወይ ኪሱ ይከተዋል፣ ወይ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይሄዳል። አቧራውን ግን ጠቅልሎ የሚሰጥ ፉንዲ የለም። ቢኖር ኖሮ ያች የዋጋ ክርክር ምናልባት ታጥር ነበር።